አራት ቀይ ጣቶች

ነገሌ ውስጥ ሱቄን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ በረኪና በግራ፣ የሽንት ቤት አሲድ በቀኝ ነው የሚቀመጠው፣ ሁለቱንም አንድ ፌስታል ውስጥ ጨምሬ አልሰጥም። ደንበኛው ቢቸኩል፣ ውጭ የቆመው ባጃጅ ክላክሱን ቢያንባርቅ ግድ የለኝም። ሁለት ፌስታል አወጣለሁ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አስይዛለሁ፣ ከዚያ «እቤት ስትደርሱ እንዳትቀላቅሏቸው፣ የሚወጣው አየር ሳንባ ይጨርሳል» እላለሁ። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ።

የግራውን መደርደሪያ «ቀዮቹ» ነው የምለው። ደረቅ ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃ እዚያ ናቸው። የቀኙን «ቢጫዎቹ» እላለሁ፤ አቼቶና የሽንት ቤት አሲድ ናቸው። ዕቃዎቹ ግን ቀይም ቢጫም አይደሉም፤ በረኪናው ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ነው፣ አሲዱ ሰማያዊ። ሰው ግራ ይጋባል። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ሲመጣ ወሬው ረጅም ነው ብዬ እሸኘዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን የማልናገረው ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቬሎ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። እናቴ እዚሁ ቦታ ላይ ቅመማ ቅመምና ሳሙና ትሸጣለች፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ አንድ ቬሎ ታከራያለች። በዚያ ጊዜ በከተማው ሌላ የሚከራይ ቬሎ መኖሩን አላስታውስም። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ የነጋዴውም የወታደሩም ልጅ የምትዳረው በእሱ ነው። ወገቡ በመርፌ ይጠባል፣ ይሰፋል፤ ጫፉ ይታጠፋል፣ ይለቀቃል። እናቴ ከቁምሳጥኑ የምታወጣው እንኳ ቢስሚላሂ ብላ ነው። እኛ ልጆቿ በዓይናችን እንጂ በእጃችን አንነካውም።

ቬሎውን የሚያጥቡት አዴ ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ነው የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ። ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የጉጂ ሴት ናቸው። የሚኖሩት የእኛን ቤትና በጦር ካምፑ ያሉትን የመኮንኖች ቤተሰቦች ልብስ እያጠቡ ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ እሱንም ቆጥበው ነው የሚያወጡት። በራችን ላይ ሲደርሱ «ናጋ?» ይላሉ፣ «ናጋ» እንላለን፣ ከዚያ ሳፋቸውን ያስቀምጣሉ፤ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

በካምፑ ያለ የአንድ ሻለቃ ሚስት እህቷን ልትድር ቬሎውን ለእሁድ ይዛዋለች። ረቡዕ ዕለት እናቴ ለቅሶ ሄደች። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ እርድ በማንኪያ እየሰፈርኩ በወረቀት እጠቀልል ነበር፤ ያ አልጫውን ቢጫ የሚያደርገውን ቅመም ማለቴ ነው። ሥራው ይሰለቻል። ቁምሳጥኑ ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው፣ ቁልፉም ላዩ ላይ ተረስቷል። እጄን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግኩና፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ቬሎውን አውጥቼ ለበስኩት።

ምን ላድርግ፣ አማረብኝ። በመስታወቱ ፊት ወገቤን ይዤ ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። የነገሌን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ እጄ አልቦታል። ሳወልቀው ወገቡ ላይ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነገር አየሁ፣ ጠጋ ብዬ ሳየው የአራት ጣቶቼ ምልክት ነው። ልቤ ድንግጥ አለ። ወዲያው ግን ነገ አዴ ያጥቡታል፣ በሳሙና ይለቃል አልኩና አጣጥፌ መለስኩት። በሕይወቴ ብዙ ሞኝ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ከሁሉም የበለጠችው ይቺ «በሳሙና ይለቃል» ናት።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አዴ ግቢው መሃል ሳፋቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። እናቴ ሱቅ ናት። ጠጋ ብዬ ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። በነጩ ቬሎ ወገብ ላይ አራት ቀይ ጣቶች ወጥተዋል። ቢጫ አይደሉም፣ ቀይ። ደም የነካው እጅ ሙሽራዋን ወገቧ ላይ ጨምድዶ የያዛት ይመስላል። እኔ ያስቀመጥኩት እኮ ቢጫ ነው፤ ሌሊቱን ቁምሳጥን ውስጥ ምን ገባበት?

አዴ ቀና ብለው አዩኝ። ሳሙናውን አነሱና በቀዩ ላይ ደግመው መቱት፣ ይፈትጉ ጀመር። ቀዩ ባሰበት። ሌላ ሳሙና ጨመሩ፣ ይብስ ቀላ። እኔ ቆሜ በልቤ «ኧረ ይተዉት፣ እየባሰበት ነው» እላለሁ፣ አፌ ግን አይከፈትም። እሳቸው ግን ይፈትጋሉ። ጣቶቹ እየሰፉ፣ እየተቀላቀሉ መጡና በመጨረሻ ቅርጽ የሌለው አንድ ቀይ ጉድፍ ሆኑ።

የሻለቃው ሚስት የገባችው ያኔ ነው። ቬሎውን ለማየት ከቀኑ ቀድማ መጣች። አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

አዴ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «እርድ ነው» አሉ።

«ምን?»

«እርድ። እርድ ብቻ ነው፣ እመቤት።»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይረዳኛል። ወጥ ውስጥ የሚገባውም እርድ ነው፣ በሬ ሲታረድም እርድ ነው። አዴ በኦሮምኛቸው ቅመሙን ኢርዲ ይላሉ፤ ከብት ማረድ ሌላ ቃል አለው፣ ቀልማ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአማርኛ አንድ ስም እንዳላቸው ከየት ይወቁት? የሻለቃው ሚስት ደግሞ ከሰሜን የመጣች ናት፣ ከ«አካም» ሰላምታ ሌላ ኦሮምኛ የላትም። ዓይኗ ፊት ያለው ቀይ ነው፣ ጆሮዋ የሰማው እርድ ነው። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ስለ አልጫ አላስብም።

«የእርድ ደም? በእህቴ ቬሎ ላይ?» አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አዴን «እማማ፣ እርስዎ» ነበር የምትላቸው፤ ከዚያ በኋላ «አንቺ» ሆኑ። የት አንጥፈሽው ነው? ለማን አውሰሽው ነው? አዴ «እርድ» የምትለዋ ቃል የምታድናቸው መስሏቸው ደጋገሟት፣ በደጋገሟት ቁጥር ነገሩ ባሰ።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከሱቅ ሮጣ መጣች። የእኛ ቤት ሁለቱንም ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ እሷ ስትመጣ ነገሩ ይፈታል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እናቴ ቬሎውን አነሳች፣ አየችው፣ በኦሮምኛ «ደም ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ዲጋ ሚቲ» አሉ አዴ፣ ደም አይደለም። «ኢርዲ።»

«እርድ የምሸጠው እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «እርድ ቢጫ ነው። ይሄ ቀይ ነው። አዴ፣ እኔን አያታልሉኝ።»

በአማርኛ ቃሉ ከዳቸው፣ በኦሮምኛ ቀለሙ ከዳቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልተናገሩም። የሻለቃው ሚስት ደም የነካውን ልብስ ለእህቷ እንደማታለብስ፣ በካምፑ ለሚያውቋት ሁሉ እንደምትናገር ምላ ወጣች። ካምፑ ፊቱን አዞረባቸው ማለት የአዴ እንጀራ ተቆረጠ ማለት ነው። እናቴም፣ አላህ ደግ አድርጎ የፈጠራት ሴት፣ በንዴት ጠፍታ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እንዳይመጡ» አለቻቸው። አዴ ሳፋቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። ቬሎውን እናቴ ሳትለቀልቀው፣ ከነሳሙናው ጓዳ ሰቀለችው።

እኔስ? እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል፣ «እኔ ነኝ» የምትለዋ ቃል አልወጣ አለችኝ። እስካሁን ሳስበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ልታጠብ ስል ጣቶቼን አየሁ። ጥፍሮቼ ሥር እርዱ አሁንም አለ። ይሄ ነገር ይጠፋ እንደሆነ ብዬ ደረቅ ሳሙና አንስቼ ማሸት ጀመርኩ። ወላሂ፣ እጄ ላይ ነው ያየሁት። ጥፍሮቼ ቀሉ። ቢጫው ዓይኔ እያየ ቀይ ሆነ፣ ያው የቬሎው ቀይ። አላህ እጄን ያጋለጠው መሰለኝና ሳሙናውን ጣልኩት። እያለቀስኩ ያገኘሁትን ሁሉ እጄ ላይ ማሸት ጀመርኩ፣ አመድም ሳይቀር፤ አመዱ ይብስ አቀላው። ጠረጴዛው ላይ ለሻይ የተቆረጠ ሎሚ ነበር፣ እሱንም አነሳሁና ጨመቅኩት።

ቀዩ ጠፋ። እንደ መብራት ነው የጠፋው። ጥፍሮቼ ተመልሰው ቢጫ ሆኑ።

ለቅሶዬን አቆምኩ። ሳሙና፤ ቀይ። ሎሚ፤ ቢጫ። ሳሙና፤ ቀይ። ሎሚ፤ ቢጫ። ሱብሃነላህ። ስንቴ እንደደጋገምኩት አላውቅም፣ ሶላቱ ሊያልፈኝ ነበር። በየቀኑ የምንበላው፣ በማንኪያ የምንሰፍረው ዱቄት ማን ነካኝ እያለ የሚመልስ ነገር ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ቀን ዓለም ዝም ያለች ነበር የምትመስለኝ። ለካ የምትናገርበት መንገድ አላት።

ያኔ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ትዝ አለኝ። በዚያው ወር ሰሌዳው ላይ አሲድና ቤዝ የሚሉ ሁለት ቃላት ጽፎ «ሊትመስ የሚባል ወረቀት አለ፤ አንዱ ሲነካው ቀይ፣ ሌላው ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል» ብሎን ነበር። ወረቀቱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አልነበረም። «እንዳለ አስቡት» አለን። እኛም ታዛዦች ነን፣ ደብተራችን ላይ «እንዳለ አስቡት» ብለን ጻፍን። እኔ የዚያን ወረቀት ዘመድ በጆንያ እየሸጥኩ ነው የተቀመጥኩት። ሎሚው አሲድ ነው፣ ሳሙናው ቤዝ ነው፣ አመዱም ቤዝ ነው፤ እርዱ ደግሞ ቤዝ ሲነካው ይቀላል፣ አሲድ ሲያገኘው ቢጫነቱን ይመልሳል።

አዴ ውሸት አልተናገሩም ማለት ነው። ይህን ማሳየት የምችለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ካሳየሁ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ እርዱ ቬሎው ላይ ምን ሊሠራ ወጣ? እናቴን እፈራታለሁ። የምፈራው በትሯን አይደለም፣ ዓይኗን ነው። ያን ቬሎ የነካች ልጅ እንዳለቻት ስታውቅ የምታየኝን ማየት።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት አዴ ቤት ሄጄ «ሳፋዎትን ይውሰዱ» አልኳቸው። ሌላ ነገር ለመናገር ወኔ አልነበረኝም። መጡ። የሻለቃው ሚስትም ቬሎው እንደማያስፈልጋት ለእናቴ ልትናገር ሰው ሳትልክ ራሷ መጥታ ነበር፣ ቅያሜዋ አልበረደም። ሦስቱም ግቢ ውስጥ ቆመው ሳለ ሱቅ ገባሁና ቀኝ እጄን እስከ አንጓዬ የእርዱ ጆንያ ውስጥ ከትቼ ተመልሼ ወጣሁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች እናቴ።

ቢጫውን እጄን አሳየኋቸው። በአዴ ሳፋ ውስጥ ውሃ ነበር፣ እጄን ነክሬ ሳሙና አሸሁት። እጄ ቀላ። የሻለቃው ሚስት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሎሚ ቆርጬ ጨመቅኩበት፣ ቢጫ ሆነ። ደግሜ ሳሙና፣ ደግሜ ሎሚ። ከዚያ ቬሎውን ከጓዳ አመጣሁና በቀዩ ጉድፍ ላይ ሎሚውን ጨመቅኩት። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ሁሉ እየተከፈተ፣ ቀዩ እየሸሸ ቢጫው ወጣ። እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ እርድም ሳሙናም ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ልጅ ሆና የምታይ ይመስል አንገቷን አስግጋ ታያለች።

«ይሄ እርድ ነው» አልኩ ለሻለቃው ሚስት። «አልጫ ውስጥ የሚገባው እርድ። አዴ የነገሩሽ ይሄንን ነው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እሱ እርድ ነው እንዴ» አለች፣ ቀስ ብላ።

እናቴ ግን እኔን ነው የምታየው። ጥያቄው አልቀረም። ሳትጠይቀኝ ቀደምኳት፣ «ለብሼው ነበር» አልኳት። እንደፈራሁት አየችኝ። አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ዞር ብላ የአዴን እጅ ያዘችና ጎንበስ ብላ ሳመችው፤ እናቴ ለሰው ስታጎነብስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያጎነበሰችው በእኔ ምክንያት ነው። የሻለቃው ሚስትም «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። አዴ ተመልሰው እርስዎ ሆኑ።

አዴ ይቅርታውን እንደ ተራ ሰላምታ ተቀብለው ቬሎውን አነሱ። ደህና አድርገው ለቀለቁትና የቢጫው ቦታ ወደ ላይ ዞሮ እንዲውል አድርገው ገመዱ ላይ ዘረጉት። «ፀሐይ ይበላዋል» አሉ፣ ሌላ ማብራሪያ አልነበራቸውም። እኔ ዓርብ ከሰዓቱንም ቅዳሜውንም እየተመላለስኩ አየሁት። የቆላው ፀሐይ እውነትም ቢጫውን ይበላል፤ በየሰዓቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ቅዳሜ ማምሻውን ነጭ ሆነ። እሁድ ሙሽራዋ ለብሳው ስትወጣ ሰው ሁሉ እልል አለ፣ እኔ ወገቧን ብቻ ነበር የማየው።

ከዚያ በኋላ እብድ ሆንኩ ማለት ይቻላል። ነጭ ወረቀት በእርድ ውሃ ነክሬ አደርቅና ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ እፈትንበታለሁ። የዱቄት ሳሙናው ከደረቁም የባሰ አቀላው። ከያቤሎ ወዲያ ካለው የጨው ጉድጓድ ለከብት የሚመጣው መጋዶ የሚባለው ጨውም አቀላው፤ መሬት ራሷ ሳሙና ታበቅላለች ማለት ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስገረም ዋልኩ። በረኪናው መጀመሪያ ያቀላዋል፣ ከዚያ ቀዩንም ቢጫውንም በልቶ ወረቀቱን ባዶ ያስቀረዋል። አቼቶ ቢነካው ቢጫው ቢጫ ነው። የሽንት ቤት አሲዱ ከብዙ ዓመት በኋላ መሸጥ ሲጀምር ደረቴን ነፍቼ «አንተ ቢጫ ነህ» ብዬ በቀኝ አስቀመጥኩት። የመስታወት ማጽጃው ደግሞ ወረቀቱን ሳይነካው፣ ክዳኑ ስለተከፈተ ብቻ ከላይ ሆኖ አቀላው፤ ያን ቀን ጸጉሬ ቆመ። የሰሃን ማጠቢያው ፈሳሽ ምንም አላደረገም፣ እሱን መሃል ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰው ያልገባው የሱቄ ሥርዓት ይሄው ነው። ዛሬም አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው የእርዱ ወረቀት ጋ ነው፣ ዛሬም ወረቀቱ ሲቀላ ልቤ ድንግጥ ይላል።

አዴ እስኪደክሙ ድረስ እኛ ጋ አጠቡ። ካረጁ በኋላ በየኢዱ ሳሙና ይዤላቸው እሄድ ነበር። ዓይናቸው በጣም ደክሞ በነበረበት በአንዱ ኢድ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ያን ነገር አነሳሁት። በኦሮምኛ ነው የምናወራው። ልቀልድባቸው ፈልጌ፣ «አዴ፣ ያኔ እየቀላ ሳለ ሳሙና ባይጨምሩበት ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» አልኳቸው።

ሳቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ያጠብኩ ሴት እርድና ሳሙና እንደማይስማሙ የማላውቅ መሰለሽ?» አሉ። «በውሃ ብለቀልቀው ቀዩ ይሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልለቀለቁትም?»

እጄን ፈልገው አገኙና የእሳቸው መዳፍ ላይ ዘረጉት። መዳፋቸው ሰፊ ነው፣ ጣቶቼ ግማሹ ላይ ቀሩ።

«ቀዩ ሲሄድ ቢጫው ይመለሳል» አሉ። «አራት ጣት ሆኖ ይመለሳል። ትንንሽ ጣት። በዚያ ግቢ ያን የሚያህል እጅ የነበራት ማን ናት? ቀለሙንማ ፀሐይ ይበላው ነበር፣ ኢንተላ ቲያ፣ የኔ ልጅ። እኔ ስፈትግ የነበረው ጣቶችሽን ነው።»